ላብ የማያውቅ ዚር

ኡስታዝ ኢድሪስ ማረፋቸውን የሰማሁት በርበሬ ስነፋ ነው። ስልኬ የእትዬ ዘሐራ ሱቅ መደርደሪያ ላይ ነበረች። የክፍላችን ልጆች የምንጻጻፍበት ቡድን ውስጥ መልእክት በመልእክት ላይ ሲደራረብ አየሁና እጄን በሽርጤ ጠርጌ ከፈትኩት። ሙጃሂድ ነው የጻፈው። ትኩሳቱ በርትቶባቸው፣ እቤታቸው፣ ሌሊቱን። ከሥሩ ሁሉም ዱዓ ጽፏል። ዓይኔ ያቃጥለኛል፤ ከበርበሬው ይሁን ከሐዘኑ መለየት አልቻልኩም። እሳቸው ቢኖሩ ኖሮ "ነይማ እንለየው፤ በምን ይታወቃል?" ይሉኝ ነበር።

ሰውየው እንዲያ ናቸው። ሲያስተምሩ የኖሩት ቴርሞዳይናሚክስና እስታቲስቲካል መካኒክስ የሚባለውን፣ ፊዚክስ የሚያጠና ተማሪ ሁሉ የሚፈራውን ትምህርት ነው። ሙቀት ከየት ወዴት ይሄዳል፣ ለዓይን የማይታዩ ስፍር ቁጥር የሌላቸው ነገሮች አንድ ላይ ሲሆኑ ምን ይሠራሉ፣ ይኸ ነው ነገሩ። እኔ አገሬ ሳለሁ ሦስተኛ ዓመት ላይ ልጀምረው ስል ጦርነት መጣና ትምህርቱም እኔም በየፊናችን ቀረን። ከዚያ ሱዳን ተሻግሬ መንደር 8 የሚባል የስደተኞች ጣቢያ፣ ከዚያ ቱነይድባ መጠለያ፣ ከዚያ ገዳሪፍ ከተማ እትዬ ዘሐራ ሱቅ። እትዬ ዘሐራ የጎንደር ሰው ናቸው፤ ገዳሪፍ ወልደው ከብደው በርበሬና ሽሮ ይሸጣሉ። እኔ እነፋለሁ፣ እመዝናለሁ፣ ከደንበኛ ጋር እከራከራለሁ። መከራከሩን ማንም አላዘዘኝም።

ኡስታዝ ኢድሪስ የሱቁ ደንበኛ ነበሩ። አባታቸው የገዳሪፍ፣ እናታቸው የመተማ ሰው ስለሆኑ ሽሮ ካልበሉ አይሆንላቸውም። አማርኛቸው ከእናታቸው የተማሩት ነው፤ ዛሬ የትም የማይሰማ ቃል ድንገት ጣል ያደርጉና ወዲያው አረብኛ ያስከትሉበታል። ዕድሜያቸውን ካርቱም ሲያስተምሩ ኖረው የእነሱም ጦርነት ሲመጣ ወደ ተወለዱበት ተመልሰው እዚያው ዩኒቨርሲቲ ማስተማር ያዙ። አንድ ቀን በርበሬ እየመዘንኩላቸው ጣታቸውን ነክረው ቀመሱና፣ ምላሴን እንዲህ የሚያቃጥለው በርበሬ ቴርሞሜትር ቢከቱበት ለምን ንቅንቅ አያደርገውም ብለው ጠየቁኝ። ሥራ በዝቶብኝ ነበር። "ቴርሞሜትር ምላስ የለውማ" አልኳቸው። እትዬ ዘሐራ ለደንበኛ እንዲህ ይመለሳል ወይ ብለው ገላመጡኝ። ሰውየው ግን ዘንቢላቸውን መሬት አስቀምጠው፣ ሌላ ደንበኛ ከኋላቸው ቆሞ፣ የት እንደተማርኩ ይጠይቁኝ ጀመር። በሳምንቱ ክፍላቸው ውስጥ ተቀምጬ ነበር።

ክፍል ብዬ ልጥራው እንጂ አሮጌ ቤተ ሙከራ ነበር። ደህና ደህናዎቹ አዳራሾች ከካርቱምና ከመደኒ ተፈናቅለው በመጡ ሰዎች ተይዘዋል፤ በመስኮቶቹ ላይ የሕፃናት ልብስ ተሰጥቷል። እኛ ግማሽ ጠረጴዛ፣ ግማሽ ወንበር ይዘን ተቀመጥን። ኡስታዝ ሲገቡ ነጭ ጀላቢያ፣ ከላዩ የአሮጌ ሙሉ ልብሳቸው ኮት፣ እጃቸው ላይ አንድ ቁራጭ ጆንያ። በረዶ ሻጮች በረዷቸውን በጆንያ ጠቅልለው ሲሸጡ አይታችኋል? አሉ። በረዶው በርዶት ነው ጆንያ የለበሰው? ሁላችንም ሳቅን። እሳቸው አልሳቁም፤ እንድንመልስላቸው ይጠብቁ ነበር። ትምህርቱ ያን ቀን ከጆንያው አላለፈም፤ እኔም ስወጣ እትዬ ዘሐራ ሱቅ ውስጥ ያለውን ጆንያ ሁሉ በሌላ ዓይን አየሁት።

ስም አጠራራቸውም የራሳቸው ነበር። ወረቀት አይዙም። ሁላችንንም በቃላቸው ይጠሩናል፤ መልሱንም እናትህ ስትጠራህ በምትመልስበት ቋንቋ መልስ ይላሉ። ስለዚህ አንዱ በማሳሊት፣ አንዱ በበጃ፣ አንዱ በሐውሳ፣ አብዛኛው በአረብኛ ይመልሳል። እኔ "አቤት" እላለሁ። የሌለ ተማሪ ስም ሲደርስ ዘለው አያልፉም። "የት ነው?" ብለው ይጠብቃሉ፤ የሚያውቅ ሰው መናገር አለበት። ፖርት ሱዳን ነው፣ እናቱ ታመውበት። ግብፅ ገብቷል። እንጃ፣ ስልኩ አይሠራም። የሚያውቅ ከጠፋ ለሚቀጥለው ሳምንት የሚያጠያይቅ ሰው ይመድባሉ። መጀመሪያ ጊዜ ማባከን መስሎኝ ነበር፤ በኋላ ግን ካለዚያ መጀመር አልችልም ነበር።

የእኔ ችግር ሌላ ነው። ወረቀት የለኝም። የተማርኩበትን የሚያሳይ ሰነዴ አገሬ ቀርቷል፤ የአገሬ ዩኒቨርሲቲም መልስ አልሰጠም። የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ቀጠን ያሉ፣ ቃላቸውን የሚመጥኑ ሰው ናቸው። ገብታ ታዳምጥ፣ ፈተና ግን ካለ ሰነድ አይሆንም አሉ። ኡስታዝ ደግሞ እኔ አለሁ፣ እኔ እመሰክርላታለሁ አሉ። ኃላፊው፣ ምስክርነትህን ጊዜው ሲደርስ አምጣው አሏቸው። ፈተናውን ባልፍ እንደገና ተማሪ ነኝ፤ ካልተቀመጥኩ ደግሞ በርበሬ ነፊ ሆኜ መቅረቴ ነው። በርበሬ መንፋት ነውር የለበትም፤ እኔ ግን ማወቅ የምፈልገው ነገር ነበረኝ፤ ዕድሉ ሲመጣም ላም አለኝ በሰማይ እንዳይሆንብኝ እፈራ ነበር።

አሁን ወደ ዚሩ ልምጣ።

ሱዳን ውስጥ በየበሩ፣ በየመንገዱ ዳር ዚር ይቀመጣል፤ ትልቅ የሸክላ ማሰሮ ነው፣ አላፊ አግዳሚው ውሃ የሚጠጣበት። የክፍላችን በርም ላይ አንድ ነበር። ሙቀቱ ሲያይል እሱ ባይኖር ኖሮ ኡስታዝም ራሳቸው ባልተረፉ። ታዲያ አንድ ቀን አህያ ገፍቶ ሰበረው። ኡስታዝ ወደኔ ዞር ብለው "አንቺ ከሸክላ አገር የመጣሽ ነሽ፤ ዓይንሽ ያውቃል፤ ግዢልን" አሉኝ። ኮራሁ። ገበያ ሄጄ አንኳኩቼ፣ ድምፁን ሰምቼ፣ ባለሸክላዋን አሰልችቼ ጥሩውን መረጥኩ። በረክሻ፣ እኛ ባጃጅ በምንለው፣ አቅፌው ወደ ሱቅ ወሰድኩት።

እትዬ ዘሐራ ሲያዩት "ሳይሟሽ ልትወስጂው ነው?" አሉኝ። "ያገሬን ሰው ልታሰድቢ።"

እውነት ነው፤ በእኛ አገር አዲስ ሸክላ ሳይሟሽ ሥራ ላይ አይውልም። ያፈሳላ። እትዬ ዘሐራ ዚር የሚያውቁ ሰው ናቸው፣ ግን እቤታቸው ማቀዝቀዣ ከገባ ወዲህ ዚር ረስተዋል፤ የእናታቸውን ወግ ግን አልረሱም። እሳት አነደድን። ጎመን ዘር ቢጠፋ ገዳሪፍ ሰሊጥ ሞልቷል፤ ወቅጠን በጨርቅ ቋጥረን የጋለውን ሸክላ ውስጡንም ውጭውንም እያሸን አጠጣነው። እሱም ጠጣ። ሲጨርስ ጥቁር ሆኖ ያብረቀርቅ ነበር። ውሃ ሞልተን ብናሳድረው ጠብ የለም። እትዬ ዘሐራ በመዳፋቸው መታ መታ አድርገው፣ ይኸ ነው ሸክላ አሉ።

በሩ ላይ ሳስቀምጠው ሁሉም አደነቀ። እኩለ ቀን ላይ ሙጃሂድ በጣሳ ቀድቶ ጠጣና ፊቱን አኮሳተረ። ውሃው ሻይ ሊፈላበት የተሰናዳ ይመስላል፤ ደግሞ ሰሊጥ ሰሊጥ ይላል። በማግስቱም እንደዚያው። ዚር የሚያቀዘቅዘው ስለሚያልበው መሆኑን፣ ውሃው በሸክላው ጥቃቅን ቀዳዳ ወጥቶ ከላዩ ሲተን ሙቀቱን ይዞ እንደሚሄድ ከክፍሉ ሁሉ የማላውቅ እኔ ብቻ ነበርኩ። ማለቴ በቀመር አውቀዋለሁ፤ በቀመር የማውቀው ነገር ደጃፌ ላይ ሲቆም አልለየሁትም። ልጆቹ ሐበሻይቱ ዚሩን ቅቤ ቀባችው እያሉ መሳቂያ አደረጉኝ። በአመድ ፈተግኩት፣ በአሸዋ ፈተግኩት፣ እሳት ላይ መለስኩት። ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ።

ኡስታዝ ቆመው ሲያዩኝ ቆይተው "ተይው፣ ያ ቢንቲ" አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። "ሰሊጡ መግባቱን ገብቷል፤ በገባበት አይወጣም። የቴርሞዳይናሚክስ ሁለተኛው ሕግ ይኸ ነው።"

ይቆጡኛል ስል እንዲህ ደስ ብሏቸው አይቼ አላውቅም። የሚቀጥለውን ምዕራፍ ተዉት። ሌላ ያልተሟሸ ዚር አስመጥተው ከኔው ጎን አስቀመጡና ለሳምንታት ሁለቱን ስንመረምር ሰነበትን። ጠዋት፣ ቀትር፣ ማታ ቴርሞሜትር እንከታለን። አንዱ ሲያልበው ይውላል፣ አንዱ እንደ ባለሥልጣን ደርቆ ይቀመጣል። ከውሃው መሃል ፈጣን ፈጣኑ ሾልኮ ይወጣል፣ ዝግተኛው ይቀራል፣ ስለዚህ የቀረው ይቀዘቅዛል አሉን። ስንቱ እንደሚወጣ ማስላት ይቻላል፤ የትኛው እንደሚወጣ ግን ማንም ሊናገር አይችልም።

ሙጃሂድ ይኸን ሲሰማ የኛን አገር ታሪክ ነው የሚነግሩን አለ፤ ፈጣን ፈጣኑ ወጥቶ አለቀ፣ እኛ ቀረን። ሳቅን፤ ከዚያ ዙሪያችንን አየን። ባዶ ወንበሮች ነበሩ።

ኡስታዝ ጠመኔያቸውን አስቀመጡ። "ስሌቱ የሚሠራው ሞለኪውል ስም ስለሌለው ነው" አሉ። "አንዱን ባንዱ ብትተካው ለውጥ የለውም። ሰው እንዲያ አይደለም።" ብለው፣ ቀደም ብለው የጠሩትን ስም እንደገና ከመጀመሪያው ይጠሩ ጀመር። ያሉትም የሌሉትም ተጠሩ። እኔ ያን ቀን ወደድኳቸው። ከዚያ በፊት አከብራቸው ነበር፤ መውደድ ሌላ ነው።

ምርመራው ሲያልቅ የኔን ዚር በጋሪ አስጭነው እቤታቸው ወሰዱት። ለስህተትሽ ቤት አገኘሁላት አሉኝ። አፈርኩ፤ አዝነውልኝ መሰለኝ። እሳቸው ግን ማዘናቸው አልነበረም፤ ጥያቄ እያሰናዱ ነበር። ይኸ ዚር ለአንድ ነገር ካልተሟሸው ይበልጣል፤ ለምን እንደሆነ ድረሺበት አሉኝ። "ስትደርሺበት ለኃላፊው አንቺው ራስሽ ትነግሪዋለሽ። የኔ ምስክርነት እሱ ነው።"

እንግዲህ ፈተና መቀመጤ በአንድ የተበላሸ ማሰሮ ላይ ተንጠለጠለ። በየሳምንቱ መልስ ይዤ ክፍል እሄዳለሁ። ማሽላ ይቀመጥበታል አልኩ፤ ጉንዳኑስ? አሉኝ። ዘይት አልኩ፤ ለዘይት ጀሪካን አለ አሉ። ጠላ ልል ስል ዚሩ የማን ቤት እንዳለ አስታውሼ ተውኩት፤ እሳቸው ግን ገብቷቸው ሳቁ። እትዬ ዘሐራን ባማክር፣ ሸክላ ለውሃ ነው እንጂ ለምን ይሆናል፣ ሰውየው ልጅቷን አሰከሯት አሉ። ኡስታዝ ፍንጭ ስለምናቸው የሚሉኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ "ወቅት ጠብቂ።" ሙቀቱ አለፈ፣ ዝናቡ አለፈ፣ ማሽላው ታጨደ፣ ብርድ ገባ። ፈተናው ሊደርስ ቀናት ሲቀሩት እሳቸው ታመሙ። ከዚያ የበርበሬው ቀን መጣ።

ለቅሶ የሄድነው ከእትዬ ዘሐራ ጋር ነው። ግቢው በር ላይ ድንኳን ተተክሏል፤ ወንዶቹ እዚያ፣ ሴቶቹ ውስጥ። እጃችንን ዘርግተን ፋቲሃ እያሉ ከሚጸልዩት ጋር ቆምን። ባለቤታቸውን፣ ሁሉም ኻልታ፣ አክስቴ፣ የሚላቸውን ሱዓድን፣ ከዚያ በፊት አንድ ጊዜ ብቻ አይቻቸው ነበር፤ ያዙኝና አልለቀቁኝም። ስለ ሕመማቸው ነገሩኝ። ትኩሳቱ ሲያንቀጠቅጣቸው ቴርሞሜትር ስጪኝ ብለው አይተው፣ ሱዓድ፣ ይኸን ያህል ሞቄ ለምንድን ነው የሚበርደኝ ብለው ጠየቋቸው። "እኔ ምን አውቃለሁ፣ ሐኪሙን ጠይቀው አልኩት፤ ሐኪሙም አንተ ተኛ ብቻ አለው" አሉኝ። ይኸን ሲናገሩ ፈገግ ብለው ነበር፤ ወዲያው አለቀሱ። እኔም አለቀስኩ። ይኸኛው እንባ በርበሬ የለበትም።

እኔ እዚያው አደርኩ፤ ሰው ሲበዛ የሚቀዳ፣ የሚያጥብ ያስፈልጋል። ጎሕ ሲቀድ ወንዶቹ ለሱብሒ ሶላት ሲነሱ ኻልታ ሱዓድ ኢብሪቆቹን ሙዪላቸው አሉኝ፤ ኢብሪቅ ከሶላት በፊት ለውዱእ የሚታጠቡበት፣ እኛ ማንቆርቆሪያ የምንለው ነው። ብርዱ ጣት ያደነዝዛል። ግቢው ጥግ ሁለት ዚር ቆመዋል። አንዱን ሳየው ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ፣ የኔው። ጣሳውን ስነክር እጄ ውሃው ውስጥ ገባና እዚያው ቀረ።

ውሃው ለብ ያለ ነበር።

ሁለተኛውን ዚር ነካሁት፤ አጥንት ይሰብራል። ተመልሼ የኔውን ነካሁት። እሳት የለም፣ አመድ የለም። ሁሉም ኢብሪቁን ከኔው ዚር እንድሞላለት ተሰልፎ ይጠብቃል፤ የቤቱ ሰዎች ያውቁታል ማለት ነው። እጄን ውሃው ውስጥ እንደያዝኩ ማሰብ ጀመርኩ፤ ለቅሶ ቤት መሆኔንም ረሳሁ።

ከተሰለፉት መሃል የትምህርት ክፍላችን ኃላፊ ነበሩ። ከኢብሪቁ እጃቸው ላይ አፈሰሱና ቆም አሉ። ማን አሞቀው ብለው ጠየቁ።

"ማንም አላሞቀው፣ ዶክተር" አልኳቸው። "የትናንት ፀሐይ ነው።"

ቀና ብለው አዩኝ። ዚሩስ ለምን አላቀዘቀዘውም አሉ። ቀጠልኩ። ያኛው ቀንም ሌሊትም ያልበዋል፤ ያገኘውን ሙቀት ሲበትን ያድራል። ይኸኛው ቀዳዳው በሰሊጥ ስለተደፈነ ላብ የለውም፤ ውሃው ብዙ ነው፣ ሸክላው ወፍራም ነው፣ ቀን የያዘውን የሚለቀው ቀስ ብሎ ነው። አየሩ ሌሊት ሲበርድ እሱ ገና ትናንት ላይ ነው። በበጋ አይጠቅምም፤ ለብርድ ወር ጠዋት ግን ይበልጣል።

"ሊመለስ ይችላል ወይ? እንደ ሌላው ዚር ሊሆን?" አሉኝ።

"አይችልም። ሞክሬዋለሁ።"

ኃላፊው ፊታቸውን ታጠቡ፣ ክንዳቸውን ታጠቡ፣ እግራቸውን ታጠቡ። ሲጨርሱ የዚሩ ልጅ አንቺ ነሽ አሉኝ፤ ጥያቄ አልነበረም። ኢድሪስ አንድ ቀን መጥታ ትነግርሃለች ብሎኝ ነበር አሉ። ወደ ሶላቱ ሲሄዱ ከድንኳኑ አፍ ላይ ዞር ብለው "ፈተናው እሑድ ነው" አሉኝ።

እሑድ ሄድኩ። እትዬ ዘሐራ ሱቁን ለብቻቸው ይዘው እኔን መርቀው ላኩኝ። የፈተናውን ወረቀት ኡስታዝ ሳይታመሙ አሰናድተውት ኖሯል፤ ያስፈተኑን ኃላፊው ራሳቸው ናቸው። ስም ዝርዝር ይዘው መጥራት ጀመሩ። አንዱ በማሳሊት ሲመልስ ግራ ተጋብተው አዩት። የሌለ ልጅ ስም ደርሶ ሊያልፉ ሲሉ ከኋላ ሙጃሂድ ፖርት ሱዳን ነው፣ እናቱ ተሽሏቸዋል አለ። ሌላ ስም፤ ግብፅ ነው፣ ዳቦ ቤት ይሠራል። ኃላፊው ከዚያ በኋላ የሌለ ስም በመጣ ቁጥር ቆም ብለው ይጠብቁን ጀመር። የኔ ስም ከሥር በእስክሪብቶ ተጨምሮ ነበር፤ ምላሳቸው ላይ እየተሰናከለ ጠሩት።

"አቤት" አልኩ።

ወረቀቱ ደረሰኝ። አንዳንዱ ጥያቄ ከበደኝ፤ አንዳንዱን ሠራሁት። የመጨረሻው ገጽ ላይ ስሌት የለም። መልሱን የማታውቁትን አንድ ጥያቄ ጻፉ፣ ሌላ ምንም አትጻፉ ይላል። ልጆቹ እስክሪብቷቸውን እየነከሱ ጣራ ጣራ ያዩ ነበር። እኔ ብዙ አላሰብኩም። ሰው ሰውነቱ እየነደደ ሳለ ለምን ይበርደዋል? ብዬ ጻፍኩና አስረከብኩ።